ኃጢአት ሁሉ በአንድ መስፈሪያ ይሰፈራልን?

«ኃጢአት ትልቅና ትንሽ የለውም» የሚለው አባባል በሰባኪያን አንደበት፣ በጽዋ ማኅበር፣ በለቅሶ ቤትና በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ደጋግሞ ይሰማል። አንዳንዱ ሰው ራሱን ዝቅ ለማድረግ፣ «እኔም ከነፍሰ ገዳዩ አልሻልም» ለማለት ይናገረዋል፤ ሌላው ደግሞ የሠራው በደል ሲነሣበት «ማን ኃጢአት የሌለበት አለ?» ብሎ ነገሩን ለመዝጋት ያመጣዋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ለትሕትናም ለማምለጫም የሚያገለግል ከሆነ በውስጡ ሁለት ሐሳቦች ተደባልቀዋል ማለት ነውና ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ኃጢአት ሁሉ የእግዚአብሔርን ይቅርታ የሚሻ በመሆኑ አንድ ነው፤ በክብደቱ፣ በሚያደርሰው ጉዳትና በሚያስከትለው ተጠያቂነት ግን አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት የክርስትና ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንዲት ጣሳ ትበቃናለች። በየጉልቱ ምስርና ሽንብራ የሚሰፈርባት የቆርቆሮ ጣሳ ታቿ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከላይ ሞልታ እየታየች ከሥር አንድ እፍኝ ታጎድላለች። ገዢው የሚያየው የተከመረውን አናቷን እንጂ ታቿን አይደለም። አሁን እንዲህ ባለች ጣሳ የሚሰፍሩ አራት ሰዎችን እናስብ። አንደኛዋ ጣሳዋ ወድቃ መሰርጎዷን ጨርሶ አላወቀችም። ሁለተኛዋ አውቃለች፤ ነገር ግን «ነገ እቀይራታለሁ» እያለች ወር አልፏታል። ሦስተኛው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሆን ብሎ በድንጋይ ቀጥቅጦ ሰርጉዷታል። አራተኛው ሁለት ጣሳ አለው፤ ደህናይቱን ለሚከራከሩት ገዢዎች ያወጣል፣ የተሰረጎደችውን ግን ለሕፃን ልጅና ዐይኗ ለደከመ አሮጊት ያስቀምጣል።

ከአራቱም እጅ የጎደለው እህል ያው አንድ እፍኝ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ይናገራል፤ ነቢዩ አሞጽም መስፈሪያውን እያሳነሱ ድኻውን የሚረግጡትን ነጋዴዎች በስማቸው ባይጠራቸውም በሥራቸው ለይቶ ይወቅሳቸዋል። ስለዚህ የጎደለ መስፈሪያ በማንም እጅ ቢሆን ቀና ነገር ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ አራቱን ሰዎች እኩል በድለዋል የሚል ፈራጅ ቢነሣ፣ ገበያተኛው ሁሉ ፍርዱ እንደ ተጣመመ ወዲያው ያውቃል።

ታዲያ «ሁሉም እኩል ነው» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 10 ነው፤ «ሕግን ሁሉ የሚጠብቅ፥ ነገር ግን በአንዱ የሚሰናከል ማንም ቢኖር በሁሉ በደለኛ ይሆናል» ይላል። ጥቅሱ ብቻውን ተነቅሎ ሲነበብ ልዩነትን ሁሉ የሚደመስስ ይመስላል። ሐዋርያው ይህን የጻፈው ግን ስለ አድልዎ ሲናገር ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ባለጠጋ ወደ ጉባኤ ሲገባ በመልካም ስፍራ እንዲቀመጥ ይጋበዛል፤ ያደፈ ልብስ የለበሰው ድኻ ግን ወይ ቆሞ ይቀራል፣ ወይ ከእግር መረገጫ በታች ተቀመጥ ይባላል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው «አልገደልሁም፣ አላመነዘርሁም» ብሎ ራሱን ጻድቅ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ያዕቆብ የሚመልስለት አታመንዝር ያለውና አትግደል ያለው አንዱ እግዚአብሔር ነው በማለት ነው። ትእዛዛቱ እንደ ሸቀጥ ይሄኛውን ስጡኝ፣ ያኛውን ተዉት እየተባለ የሚመረጥባቸው አይደሉም፤ አንዱን የጣሰ ሰው ከሕግ ተላላፊዎች ወገን ገብቷል። ከሕግ ተላላፊዎች ወገን መግባት አንድ ነገር ነው፤ የተላለፉት ነገር ክብደት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያዕቆብ ስለ መጀመሪያው እንጂ ስለ ሁለተኛው አልተናገረም።

ጌታችን በተራራው ስብከት ቍጣን ከግድያ፣ የምኞት እይታን ከዝሙት ጋር አያይዞ ማስተማሩም በዚሁ መንገድ ይተረጎማል። ትምህርቱ የሚያሳየው ግድያ እጅ ላይ ከመድረሱ በፊት ልብ ውስጥ እንደሚበቅልና እግዚአብሔርም ሥሩን ጭምር እንደሚያይ ነው። ቢሆንም በዚያው ክፍል፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 22 ላይ፣ በወንድሙ የሚቆጣ ፍርድ፣ «ጨርቃም» የሚለው የሸንጎ ፍርድ፣ «ደንቆሮ» የሚለው የገሃነመ እሳት ፍርድ እንደሚገባው ተጽፏል፤ ንግግሩ ራሱ ደረጃ በደረጃ እየከበደ ይሄዳል። በልቡ የተቆጣ ሰው ንስሐ ይገባዋል፤ ሆኖም ጎረቤቱ በሕይወት አለ፣ ነገ ሊታረቁም ይችላሉ። የገደለ ሰው ይህ በር ተዘግቶበታል። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ብለው፣ ማለትም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ከፍለው ማስተማራቸው ሦስቱም ኃጢአት መሆናቸውን ሳይክድ ሦስቱ አንድ እንዳልሆኑ ያስገነዝባል።

ጥፋት ሁሉ ፍጹም እኩል ነው የሚለውን አቋም በግልጽ የያዙት በግሪክና በሮም የነበሩት የስቶይክ ፈላስፎች ናቸው። በግብፅ ካለችው ከካኖፐስ ከተማ መቶ ምዕራፍ (የጥንት የመንገድ ርቀት መለኪያ ነው) የራቀውም አንድ ምዕራፍ የራቀውም ሁለቱም ከተማዪቱ ውስጥ የሉም፤ እንዲሁም ከበጎነት ጥቂት የራቀውና ብዙ የራቀው ሁለቱም በበጎነት ውስጥ አይደሉም ይሉ ነበር። ሮማዊው ሲሴሮም አቋማቸውን ሲያስረዳ የመርከብ ምሳሌ ያመጣል፤ መርከብ ነጂው በቸልተኝነት የሰባበራት መርከብ ወርቅ ብትጭን ወይም ገለባ ብትጭን የኪሳራው መጠን ይለያያል እንጂ የነጂው አለማወቅ ያው ነው። ምሳሌዎቹ የተሳሉ ናቸው፤ የሚያስቀሩት ነገር ግን ብዙ ነው። ወደ ከተማዪቱ ፊቱን አዙሮ የሚራመደውን ሰውና ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደውን ሰው አይለዩም። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ415 ዓ.ም. ገደማ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ ያቺኑ የያዕቆብን ጥቅስ አንሥቶ ሲመረምር ይህን የስቶይኮች ሐሳብ አልተቀበለም። ሕግ ሁሉ የተንጠለጠለው በፍቅር ላይ በመሆኑ አንዱን ትእዛዝ የሚጥስ ሰው የሁሉ ማሰሪያ የሆነውን ፍቅርን ይበድላል፤ ነገር ግን በፍቅር ላይ የሚፈጸመው በደል ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ለያዕቆብ ቃል ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስንመለስ ልዩነቱ በብዙ ስፍራ ፊት ለፊት ይታያል። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ብዙ አንባቢ ቶሎ የሚያልፈው የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ነው። ምዕራፉ ሳያውቁ ስለተሠራ ኃጢአት የሚቀርበውን መሥዋዕት ይደነግጋል፤ መሥዋዕቱም እንደ በደለኛው ማንነት ይለያያል። የተቀባው ካህን ከበደለ ወይፈን ያቀርባል፤ ማኅበሩ በሙሉ ከበደለም እንዲሁ ወይፈን ነው። አለቃ ከበደለ ተባት ፍየል፣ ከሕዝቡ አንዱ ከበደለ ደግሞ እንስት ፍየል ወይም እንስት በግ ያመጣል። የአንድ ካህን ስሕተት የሕዝቡን ሁሉ ስሕተት ያህል መመዘኑ ሊያስደንቀን ይገባል፤ ካህኑ ሲሳሳት ሕዝቡን ይዞ ይሳሳታልና። በተከታዩ ምዕራፍ ለአንዳንድ በደሎች በግ መግዛት ያልቻለ ድኻ ሁለት ርግቦችን፣ ያንንም ያጣ ጥቂት ዱቄት እንዲያቀርብ ተፈቅዶለታል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 15 ደግሞ ባለማወቅ የሚበድለውንና በትዕቢት፣ እጁን አንሥቶ የሚበድለውን ይለያል፤ ለመጀመሪያው መሥዋዕት አለው፣ ሁለተኛው ግን ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ይላል። የመጀመሪያዋ ሻጭና ሦስተኛው ሻጭ በሙሴ ሕግ ፊት ቢቀርቡ አንድ በር እንደማይገቡ ግልጽ ነው።

በወንጌልም ጌታችን በጲላጦስ ፊት ቆሞ «ለአንተ አሳልፎ የሰጠኝ ኃጢአቱ የባሰ ነው» ብሏል፤ «የባሰ» የሚለው ቃል ብቻውን ክርክሩን ሊዘጋ የሚችል ነው። ጲላጦስን ነጻ አላወጣውም፤ ነገር ግን ሥልጣኑን በፍርሃት ያጣመመውን ገዢና እውነቱን እያወቀ አሳልፎ የሰጠውን ለይቷል። በሉቃስ ምዕራፍ 12 የጌታውን ፈቃድ እያወቀ ያልተዘጋጀ ባሪያ እጅግ ሲገረፍ ሳያውቅ ያጠፋው ጥቂት ይገረፋል። ተአምራትን አይተው ንስሐ ያልገቡት የኮራዚና የቤተ ሳይዳ ሰዎች ከጢሮስና ከሲዶና የባሰ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ተነግሯል። ፈሪሳውያንም ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት እያወጡ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን በመተዋቸው ተወቅሰዋል፤ ጌታ እነዚህን በሕግ ያሉ ዋና ነገሮች ይላቸዋል። ሕግ ዋና ነገር ካለው ዋና ያልሆነም አለው ማለት ነው፤ ሆኖም «ሌላውን ሳትተዉ» ብሎ ትንሹንም እንዳይጥሉት አስጠንቅቋል።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን በሥራ የተረጎመችበትን መንገድ ለማየት የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን የጻፋቸውን ቀኖናዎች መመልከት ይጠቅማል። ሆን ብሎ ነፍስ ያጠፋ ሰው ንስሐ ሲገባ ለ20 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ይከለከል ነበር። ከነዚህ ውስጥ 4ቱን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ወደሚገቡት ምእመናን እያለቀሰ፣ 5ቱን ትምህርት ብቻ እየሰማ፣ 7ቱን ከተንበርካኪዎች ጋር፣ የቀሩትን 4 ከምእመናን ጋር ቆሞ ነገር ግን ሳይቆርብ ያሳልፋል። ሳያስበው ነፍስ ላጠፋ 10 ዓመት፣ ለአመንዝራ 15 ዓመት፣ ለዝሙት 7 ዓመት ተወስኗል። ስለ ሌባ የተጻፈው ደግሞ በጣም ያሳስባል፤ ተጸጽቶ ራሱን የገለጠ ሌባ 1 ዓመት፣ ሰው አጋልጦት የተያዘ ግን 2 ዓመት። የተሰረቀው ዕቃ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በፈቃዱ የመጣው ሰው መዳን ጀምሯል። ባስልዮስ በንስሐው እጅግ የተጋ ሰው ዘመኑ እንዲያጥርለትም ፈቅዷል፤ ዓመቶቹ በቁስሉ ጥልቀት ልክ የታዘዙ የሕክምና ጊዜያት ነበሩና።

ይህ መንፈስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ ሥርዓት ውስጥ ዛሬም ይኖራል። የነፍስ አባት የሚናዘዘውን ልጁን ሲሰማ የኃጢአቱን ስም ብቻ ሰምቶ አያሰናብተውም፤ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ጊዜ፣ በፈቃድ ነው ወይስ በግድ፣ የወሰድኸውን መልሰሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ቀኖና እንደ ሰውዬው አቅምና እንደ በደሉ ዓይነት ይለያያል፤ ለጎልማሳው ስግደት ቢበዛበት፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌ ጸሎትና ምጽዋት ይታዘዝለታል። ከአንድ የነፍስ አባት ሁለት ሰዎች ለአንድ ዓይነት ኃጢአት የተለያየ ቀኖና ይዘው ቢወጡ አድልዎ አይደለም። ኃጢአት ሁሉ እኩል ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ሁሉ ከንቱ ድካም በሆነ፣ አንድ ዓይነት ቀኖናም ለሁሉ በበቃ ነበር።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልዩነቱን ይበልጥ በተቆረጠ ክፍፍል አስቀምጣለች። በ1992 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፏ አንድ ኃጢአት የሞት ኃጢአት እንዲባል ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል፦ ጉዳዩ ከባድ መሆን አለበት፣ ሠሪው በሚገባ ማወቅ አለበት፣ አስቦበትና ፈቅዶ ማድረግ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ኃጢአቱ ቀላል ኃጢአት ይባላል፤ ፍቅርን ያቆስላል፣ ነገር ግን ከነፍስ ውስጥ አያጠፋውም። መሠረቱ «ሞት የሚገባው ኃጢአት አለ» የሚለው የ1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ቃል ነው። ከአራቱ ሻጮቻችን የመጀመሪያዋ ስላላወቀች ከሦስቱ መመዘኛዎች ሁለቱ ይጎድሏታል።

ፕሮቴስታንቶች ይህን ክፍፍል አልተቀበሉትም፤ ከተሐድሶው መሪዎች አንዱ የነበረው ካልቪን ኃጢአት ሁሉ በራሱ ሞት ይገባዋል፣ የምእመናን ኃጢአት የማያስኰንናቸው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ እንጂ ከኃጢአቱ ማነስ የተነሣ አይደለም ብሎ አስተምሯል። «ትልቅና ትንሽ የለውም» የሚለው አባባል በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መካከል የጠነከረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን የተሐድሶው ትምህርት ራሱ እኩል ነው አላለም። በእንግሊዝ አገር በ1640ዎቹ የተዘጋጀው የዌስትሚኒስተር ትልቁ የጥያቄና መልስ ትምህርት የእግዚአብሔር ሕግ መተላለፍ ሁሉ እኩል አስከፊ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። የሚያከብዱትንም ሲዘረዝር የበዳዩን ማንነት፣ የተበዳዩን ማንነት፣ የበደሉን ዓይነት፣ የጊዜና የቦታውን ሁኔታ ይቆጥራል። ወዲያው በሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ ያነሰው ኃጢአት እንኳ የእግዚአብሔር ቍጣ እንደሚገባውና በክርስቶስ ደም ካልሆነ እንደማይሰረይ ያስተምራል። ሁለቱ ትምህርቶች ጎን ለጎን የተጻፉት ሳይጋጩ ነው።

በመንፈስ ቅዱስ ላይ ስለሚነገር ስድብም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ሰዎች አንድ ቀን በንዴት የተናገሩትን ቃል እያሰቡ «እኔ የማይሰረየውን ሠርቻለሁ» ብለው በጭንቀት ሲኖሩ ይታያል። ጌታ ይህን የተናገረው አጋንንት ሲወጡ በዐይናቸው እያዩ «በብዔል ዜቡል ነው» ላሉት ሰዎች ነው። አባቶች ብዙ ጊዜ የሚተረጕሙት እውነትን እያወቁ እስከ መጨረሻው ንስሐን መግፋት ብለው ነው። ንስሐ መግባት የሚፈልግ፣ ተሰርዮልኝ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው በዚህ ውስጥ የለም።

ትንሹ ኃጢአት ትንሽ ስለሆነ አያሳስብም ማለት ግን አይደለም። ሊሰቀል የሚወሰደው ሌባ እናቱን «እናቴ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያለበትን ተረት የማያውቅ የለም። እንቁላሉ ከሚያሰቅለው ስርቆት ጋር እኩል አልነበረም፤ ነገር ግን እጁ መውሰድን የተማረው በእንቁላሉ ነው። «ኃጢአት ሲደጋገም ጽድቅ ይመስላል» እንደሚባለው፣ ሁለተኛዋ ሻጭ «ነገ እቀይራታለሁ» ያለችባት ጣሳ ስድስት ወር ስትቆይ ትክክለኛዋ ጣሳ መምሰል ትጀምራለች፤ ከዚያም ደህና ጣሳ ያየች ዕለት «ይህች ትርፍ ትወስዳለች» ትላለች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለክርክር ያህል አይደለም፤ «ሁሉም እኩል ነው» የሚለው ንግግር በስፍራው ካልዋለ ሰው ስለሚጎዳ ነው። በልጅነቷ በቅርብ ዘመዷ የተደፈረች ሴት ከዓመታት ዝምታ በኋላ ነገሩን አውጥታ ስትናገር፣ «እርሱም በድሏል፣ አንቺም ቂም ይዘሻል፤ በእግዚአብሔር ፊት ሁለቱም ያው ኃጢአት ነው» የሚል ሽማግሌ ያጋጥማታል። ይህ ፍርድ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ድኻው የተቀማትን በግ ምሳሌ አድርጎ ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው ናታን «ኦርዮም እኮ የራሱ ኃጢአት ነበረው» አላለም። በሌላ በኩል ደግሞ የማታ ጸሎቷን ረስታ የተኛች እናት ሌሊት ተነሥታ እንደ ነፍሰ ገዳይ ስታለቅስ ማየት ያሳዝናል። ሁሉን እኩል የሚያደርገው ትምህርት ለአውሬው የበግ ለምድ፣ ለበጊቱ ደግሞ የአውሬ ጥፋት ያለብሳል። ኃጢአትን የመመዘን ዕውቀት በመጀመሪያ ለሚናዘዝ ሰው፣ ለነፍስ አባቱና የተበደለን ለሚያጽናና ሰው የተሰጠ ነው፤ የራስን ምሰሶ ትቶ የሌላውን ጉድፍ ለመለካት ከዋለ ግን ያ ምዘና ራሱ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠራል።

ክብደቱ በትክክል የሚታየው ካሳ ሲመጣ ነው። በሙሴ ሕግ መሠረት በደሉን ተናዝዞ የሚመልስ ሰው ዋናውን አምስተኛውን ክፍል ጨምሮ ይመልሳል፤ የሰረቀው እንስሳ በሕይወት እጁ ላይ ከተገኘ እጥፍ ይከፍላል፤ በጉን ካረደው ወይም ከሸጠው አራት፣ በሬ ከሆነ አምስት ይከፍላል። ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ሲል ከባዱን የበግ ሌባ ስሌት በራሱ ላይ መፍረዱ ነው፤ ማንም ሳያስገድደው የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ጨምሯል። የእኛ ሻጮችም እንዲሁ ይለያያሉ። የመጀመሪያዋ ጣሳዋን ባየች ጊዜ ትቀይራታለች፤ ሁለተኛዋና ሦስተኛው ያጎደሉባቸውን ገዢዎች ሁሉ ስለማያውቋቸው ግምቱን አስበው ለነዳያን ይሰጡ ዘንድ የነፍስ አባታቸው ሊያዝዛቸው ይችላል። አራተኛው ግን አሮጊቷን ያውቃታል። ዐይኗ መድከሙን አይቶ የመረጣት እርሱ ስለሆነ፣ ቤቷም የት እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፣ ለነዳያን መመጽወቱ አይበቃውም፤ እህሉን ተሸክሞ ወደ ደጃፏ ሄዶ በእጇ እያስዳሰሰ፣ በደህናይቱ ጣሳ ይሰፍርላታል።